ያለ ጉዳይ ተራራ መውጣት

የሜልበርን ጥር ምሕረት የለውም። ከበረሃው የሚነሣው የሰሜን ነፋስ ሲያይል ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ፤ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቋቋል፤ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ይሸሻል። ልጆቻችን ረጅሙን የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚያገኙትም በዚሁ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ግን ባሕር አይወድም፤ አሸዋ ጫማው ውስጥ ከገባ ሳምንቱን ሙሉ የሚያማርር ሰው ነው። አንድ ማታ እራት ላይ፣ “ዘንድሮ በጋውን ለሚወዱት ትተን ክረምት ወዳለበት አገር፣ ወደ ጃፓን እንሂድ፤ ልጆቹም የበረዶ ሸርተቴ ይማሩ” አለ።

እኔ ቶሎ የታየኝ የባንክ ሒሳባችን ነበር። አረጋውያንን በሚንከባከብ ተቋም ውስጥ እሠራለሁ፤ እሱ ታክሲ ይነዳል። የበረዶ ሸርተቴ የሐኪምና የጠበቃ ቤተሰብ ጨዋታ እንጂ የእኛ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። እናቴ ደግሞ የታያት ሌላ ነው። መንዝ ተወልዳ ደብረ ብርሃን የኖረች ሴት ናት፤ ብርድና ተራራ ለእርሷ አዲስ ነገር አይደሉም።

“ተራራው ላይ ምን አላችሁ?” አለችው።

“ምንም የለንም፤ ወጥተን እንወርዳለን።”

“ወርዳችሁስ?”

“እንደገና እንወጣለን።”

“ሰው ያለ ጉዳይ ተራራ ይወጣል?” አለችና ፍርዱን ለእኔ ተወችው። በእርሷ አገር ተራራ የሚወጣው ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ ገበያ ለመሻገር ወይም የጠፋ በግ ለመፈለግ ነው። ሦስቱም ጃፓን ውስጥ የሉንም።

ቁጭ ብለን ስናሰላው ግን ወጪው እንደፈራሁት አልሆነም። በእርግጥ በረዶ እዚሁ ክፍለ ግዛታችን ቪክቶሪያም አለ፤ ማውንት ቡለር ከሜልበርን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ችግሩ፣ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚወጣው በዚያች አጭር የሰኔና የሐምሌ ዕረፍት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ተራራው ላይ ለአምስት ሰው ማደሪያ መያዝ አቅም ይጠይቃል። የጃፓን የን ደግሞ ባለፉት ዓመታት ዋጋው ወርዷል። ለአውስትራሊያውያን ጃፓንና በረዶ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ኒሴኮ የሚባለው የሸርተቴ ስፍራ ነው፤ የሚጎርፈውም ሰው ብዙ ስለሆነ የቡና ዋጋው ሳይቀር አገራችንን አገራችንን ይሸታል። እኛ ኒሴኮን ትተን ሳፖሮ ከተማ መካከል አንድ መጠነኛ ሆቴል ያዝን። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ባቡሩ የተሠራው ለነዋሪው እንጂ ለሸርተቴ ጎብኚ አይደለም። ተራራውም ሩቅ አይደለም፤ ተይኔ የሚባለው የሸርተቴ ስፍራ የሚገኘው እዚያው ከተማው ክልል ውስጥ ነው።

ስለ በረራው ብዙ የምለው የለኝም። እስከ ቶኪዮ አሥር ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ሳፖሮ ወዳለችበት የሰሜን ደሴት፣ ወደ ሆካይዶ፣ ሌላ አጭር በረራ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያው ሳፖሮ ድረስ በባቡር አርባ ደቂቃ ገደማ። አንድ ነገር ግን ወድጄዋለሁ፦ ጉዞው ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሆነ ወቅቱ ይገለበጣል እንጂ ሰዓቱ ብዙም አይነቃነቅም። በጥር ወር በሜልበርንና በጃፓን መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ስንሄድ እንቅልፋችን እስኪስተካከል የምናየው መከራ እዚህ የለም። በምትኩ የጎደለብን የቀን ብርሃን ነው። ሜልበርን ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም ፀሐይ እያለች፣ ሳፖሮ ላይ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሆን ትጠልቃለች። ትንሹ ልጄ “ቀኑን ማን ወሰደው?” እያለ አስቸገረን።

ፓስፖርትን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። የአውስትራሊያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ጃፓን ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም። እናቴም ዜግነቷን ስላገኘች እንደ ማንኛችንም የጣት አሻራዋን ሰጥታ አለፈች። አብራን እንድትመጣ የጠየቅናት የባለቤቴ እኅት በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለሆነች የሚያስፈልጋትን የወረቀት ክምር አይታ ገና ከጅምሩ ተወችው። አንድ ማዕድ የምንበላ ሰዎች በር ላይ ስንደርስ እንዲህ እንለያያለን።

ሻንጣ አዘገጃጀቱ ላይ እናቴና እኔ ተከራከርን። ቋንጣ ልትይዝ ነበር፤ ጃፓን ያለ ፈቃድ የሥጋ ውጤት አታስገባም ብዬ አስቀረሁባት። ይዛ የመጣችው በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ነው፤ ሁሉንም በቅጹ ላይ አስመዘገብን። በልብስ ግን የረታችው እርሷ ናት። የሸርተቴ አስተማሪዎች ሁሉ የሚናገሩት ነገር ጥጥ ሰውነት ላይ አታድርጉ ነው፤ ጥጥ ላቡን ጠጥቶ ይይዝና ስትቆሙ ያቀዘቅዛችኋል፣ ሱፍ ግን ረጥቦም ይሞቃል። እናቴ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የመንዝ ሰው በርኖስና ባና የሚለብሰው በከንቱ አይደለም። ጋቢዋን ለሆቴል ክፍል ብቻ መድባ፣ እኛን ከውስጥ እስከ ካልሲ ድረስ ሱፍ አስለበሰችን። እኛ ቤት ውስጥ 38 ዲግሪ ሙቀት ላይ ቆመን የሱፍ ልብስ ስንለካ ያየ ጎረቤት ቢኖር ምን እንደሚል እግዚአብሔር ይወቅ።

ሳፖሮ እንደደረስን ያስገረመኝ የበረዶው ብዛት ነው። ከተማዋ በአንድ ክረምት በድምሩ አምስት ሜትር ያህል በረዶ ይዘንብባታል። በዚያ ላይ ተይኔ ተራራ ከፍታው 1,023 ሜትር ብቻ ነው። ለእናቴ ስነግራት፣ “ታዲያ ይኸ ተራራ ነው?” አለች፤ ደብረ ብርሃን ከተማዋ ራሷ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። ይህን ሁሉ በረዶ የሚያመጣው ከፍታው እንዳልሆነ ያስረዳቻት ታላቋ ልጄ ናት። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ ከስሩ ያለው ውሃ ከእርሱ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል፤ የሆካይዶን ተራሮች ሲነካ ደግሞ የጠጣውን ሁሉ በበረዶ መልክ ይዘረግፋል። በረዶው ደረቅና ቀላል ነው፤ በእጅ ጨብጠው ኳስ ለመሥራት እንኳ አይታዘዝም። የእኛ የአውስትራሊያው የሐምሌ በረዶ ወፍራምና እርጥብ ነው ሲሉ የሰማሁትን አሁን ገባኝ።

ወደ ተይኔ በባቡርና በአውቶቡስ ነው የሚወጣው። ጠዋት ባቡሩ ውስጥ ስኪ፣ ማለትም የመንሸራተቻ ጣውላቸውን፣ ተሸክመው የሚቆሙ ተማሪዎችና ቦርሳ የያዙ የቢሮ ሠራተኞች ትከሻ ለትከሻ ይሄዳሉ፤ ማንም ለማንም አይገረምም። የታችኛው ክፍል ኦሎምፒያ ይባላል፤ ለጀማሪና ለልጆች የሚሆን ነው። የላይኛው ሃይላንድ ይባላል፤ እዚያ የወጣ ሰው ኢሺካሪ የባሕር ወሽመጥን ከእግሩ በታች ያየዋል።

የኪራይ ዕቃ ስንወስድ ቅጽ ሰጡን፤ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የእግር ልክ በሴንቲ ሜትር፣ ክብደት። ባለቤቴ ክብደቱን ሲጽፍ ከትከሻው በላይ አየሁት፤ ከሠርጋችን ዓመት የተረፈ ቁጥር ነው የጻፈው። ዝም አልኩ። ቁጥሩ ግን ለወግ አልነበረም። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሠሪያ በስንት ኃይል እንደሚለቅ የሚስተካከለው በክብደትና በችሎታ ነው፤ ስትወድቅ ካልለቀቀ ጉልበት ይሰብራል፣ ቀድሞ ከለቀቀ ደግሞ ያለ ምክንያት ይጥላል። ባለቤቴ ገና ሜዳ ላይ ዞር ሲል ስኪው እየወለቀ ሄደ። ልጆቹ በሳቅ ሲፈርሱ ወደ ኪራይ ቤቱ ተመልሶ እውነቱን ጻፈ። እንደዚያ ቀን ትሑት ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ስለ ትምህርቱ በደንብ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሲያየው ቀላል ይመስላል። ለጀማሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ኋላቸውን መክፈት ነው፤ ልክ እንደ ጎጆ ጣሪያ። ጣሪያው ሲሰፋ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሲጠብ ይጨምራል። ይህን እግር በቶሎ ይቀበለዋል። የማይቀበለው ሌላ ነው። ቁልቁለት ሲያይ ሰውነታችን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እኔም አያቶቼም ገደል ስናይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በስኪ ላይ ግን ወደ ኋላ የሸሸ ሰው መሪውን ለቀቀ ማለት ነው፤ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ሲያርፍ የስኪው ፊት ቀልሎ አልታዘዝ ይላል። መዳኛው ወደ ሚፈሩት ቁልቁለት ማዘንበል፣ ቅልጥምህ የጫማውን ፊት ሲጫን እስኪሰማህ ድረስ ጉልበትን ማጠፍ ነው። አስተማሪያችን እንግሊዝኛው ጥቂት ነበር፤ ቅልጥሙን በእጁ ይመታና “እዚህ፣ እዚህ” ይለናል። ከዚያ በላይ ንግግርም አያስፈልገውም ነበር።

ትንሹ ልጄ ፍርሃት የሚባል ነገር ስላልተፈጠረበት ከምሳ በፊት ጥሎን ሄደ። ታላቋ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ፊት መውደቅ ከሞት ይከብዳል። ጠዋቱን ሙሉ ፊቷን አጨማዳ ዋለች። ያላቀቃት አንድ የሰባ ዓመት ያህል ሽማግሌ ነው፤ በቀጥታ ፊቷ በጀርባቸው ተዘርረው ወደቁ፣ ስኪያቸውን ለቁልቁለቱ አግድም አድርገው በእርጋታ ተነሡ፣ ጎንበስ ብለው ሰላም አሏትና ሄዱ። ከዚያ በኋላ እርሷም ወደቀች፤ ተነሣች፤ ወደቀች። ማታ ላይ የምትቆጥረው መቁሰሏን ሳይሆን የወረደችበትን መንገድ ርዝመት ነበር።

እኔስ? እኔ በዝግታ የምወርድ ሰው ነኝ፤ አላፍርበትም። የወደድኩት ነገር ወንበሩ ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ወንበር ላይ አራት ሆነን ተደርድረን፣ ጓንት አውልቀን፣ ከእናቴ በተላከው ቆሎ ኪሳችንን ሞልተን እየቆረጠምን ስንወጣ፣ ከበታች የበርች ዛፎች በበረዶ ተሸፍነው ሲያልፉ፣ ማንም ስልክ አልነካም። ቤት ውስጥ እነዚህን ሰዎች ለአሥር ደቂቃ አንድ ቦታ ማስቀመጥ አልችልም። እዚያ መዝለል ስለማይቻል ታሠሩልኝ። ታላቋ ልጄ ስለ ትምህርት ቤቷ የማላውቀውን ብዙ ነገር የነገረችኝ በዚያ ወንበር ላይ ነው።

ሳፖሮ በ1972 በፈረንጆች አቆጣጠር የክረምት ኦሎምፒክን ያዘጋጀች ከተማ ናት፤ በእስያ ምድር የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት የ1940ው ተሰጥቷት በጦርነት ምክንያት ቀርቶባታል። ተይኔ ላይ ያኔ እሳቱ የነደደበት ማማ ዛሬም ቆሟል። ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኦኩራያማ የዝላይ ስፍራ በወንበር ወደ አናቱ ወጥተን ቁልቁል ስናይ ባለቤቴ እንኳ ዝም አለ። ከዚያ ላይ ለመዝለል የሚነሣ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ከበታቹ በተዘረጋችው ከተማ ላይ ነው። በዚያ ዓመት በትንሹ የዝላይ ስፍራ፣ በሚያኖሞሪ፣ ጃፓኖች ወርቁን ብሩንም ነሐሱንም ጠራርገው ወስደዋል፤ አሸናፊው ዩኪዮ ካሳያ ነበር። ቤተ መዘክሩ ውስጥ የዝላይ ማስመሰያ መሣሪያ አለ፤ ትንሹን ልጄን ከዚያ ላይ ያወረደው የመዝጊያ ሰዓት ነው።

የእኛም ስም በሳፖሮ አለ። የቶኪዮ ኦሎምፒክ በ2021 ሲካሄድ ማራቶኑ ከቶኪዮ ሙቀት ሸሽቶ ወደዚህ ነው የመጣው፤ መነሻውም መድረሻውም መሀል ከተማ ያለው ኦዶሪ ፓርክ ነበር። ሙቀቱ ግን ተከትሎ መጣና የሴቶቹ ውድድር መነሻ በአንድ ሰዓት ቀደም እንዲል ተደረገ። ሮዛ ደረጀ አራተኛ የወጣችበት ውድድር ነው። ያን ቀን ሜልበርን ላይ ሶፋ ላይ ሆኜ እየጮህኩ ያየሁትን ቦታ አሁን በረዶ እስከ ወገብ ተከምሮበት አገኘሁት። ልጆቼ አላመኑኝም። በዚያው አበበ ቢቂላንም አነሣሁላቸው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ማሸነፉን ያውቃሉ፤ በመኪና አደጋ ሽባ ከሆነ በኋላ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ የተንሸራታች ውድድር ማሸነፉን ግን አያውቁም ነበር። ሮቤል ተክለማርያምም በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሏል፤ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። “የበረዶ ሸርተቴ የእኛ አይደለም” የምትሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ እንግዲህ እዩት።

እናቴ ተራራ አልወጣችም። እኛ ስንሄድ እርሷ ከተማ ትውላለች። ሳፖሮ ውስጥ በየመንገዱ ማዕዘን የጠጠር ሣጥን አለ፤ በረዶው ተረግጦ መስታወት ሲሆን መንገደኛ ራሱ ከሣጥኑ አንሥቶ ይበትናል፣ ከኋላው የሚመጣው እንዳይወድቅ። እናቴ ይህን አንድ ጊዜ አየች፤ አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ሆቴሉ ፊት ያለውን የእግረኛ መሻገሪያ ተረከበችው። እኛ ጫማ ስናስር እርሷ በሱፍ ሻሽ ተጠቅልላ ጠጠር ትበትናለች። ከፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው አንዲት አሮጊት አካፋ ይዘው ይወጣሉ፤ ሁለቱ ጎንበስ ይባባላሉ፤ አንዱ ቃል ሳይገባቸው ረጅም ወሬ ያወራሉ። ተራራ ላይ ያጣችውን ጉዳይ መንገድ ላይ አገኘችው።

ጾሙ ነው ያስቸገረን። የገና ጾም በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ ጥር 7 ዋዜማ ድረስ ነው፤ እናቴ ደግሞ ለመንገደኛ የሚባለውን ፈቃድ አትቀበልም። ጃፓን ውስጥ ሥጋ የሌለው ምግብ ብዙ ነው፤ ዓሣ ያልነካው ግን ጥቂት ነው። ሶባ የሚባለው ኑድል ምንም የሌለበት ይመስላል፤ መረቁ ግን ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይሠራል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በቤታችን የተዘጋ ነው፦ እናቴ አትበላም። ያዳናት በየሱቁ የሚሸጠው የጎመዘዘ ፕለም በመሀሉ ያለበት የሩዝ ድብልብልና በሶዋ ነው። የገና ዕለት ማታ እኔና ባለቤቴ ወደ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ወሰድናት፤ የሆካይዶ የበግ ጥብስ፣ ጂንጊስካን የሚሉት፣ በብረት ምጣድ ላይ ፊት ለፊታችሁ ይጠበሳል። ጾም በበግ ቢፈታ መንዜ ምን ይላል? ሚጥሚጣዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ነሰነሰች፤ ከአጠገባችን ያሉት ሰዎች አስነጠሳቸው፤ ከዚያ እነርሱም ለመኑን።

አንድ ቀን ዕረፍት ወስደን ጆዛንኬ ወደሚባለው የፍል ውሃ መንደር ሄድን። ሴትና ወንድ ለየብቻ ነው፤ ነገር ግን ራቁት ነው የሚገባው፤ ልብስ አይፈቀድም። እናቴ በሩ ላይ ያለውን ሥዕል አየችና “እኔ በዚህ ዕድሜዬ?” ብላ ተመለሰች። መንደሩ ውስጥ እግር ብቻ የሚነከርበት ፍል ውሃ አለ፤ እዚያ ቁጭ ብላ በረዶ እየዘነበባት እግሯን ነክራ ቆየች። ለጉልበት ሕመሟ ከሶደሬ ይሻላል ብላለች፤ ሶደሬ ሄዳ እንደማታውቅ ግን ባለቤቴ በቀስታ ነገረኝ። እኔ ገባሁ። ሴቶች ሁሉ ዝም ብለው ሲታጠቡ የሚያይሽ የለም፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ማፈሩም ይረሳል።

ስንመለስ የአውስትራሊያ ፍተሻ ጫማችንን አገላብጦ አየ። አፈር የያዘ ጫማ አያስገቡም፤ በረዶ ላይ ብቻ የዋለ ጫማ ንጹሕ ስለሆነ በቶሎ አለፍን። ከአውሮፕላን ጣቢያው ስንወጣ ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ ሱፉ ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል።

ባለቤቴ አሁን ሐምሌን እየጠበቀ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ማውንት ቡለርን ሳይሆን ሌክ ማውንቴንን ነው፤ ከሜሪስቪል በላይ ያለው፣ ከሜልበርን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚቻለው። የሚያወጣ ወንበር የለውም፤ አገር አቋራጭ ስኪና የልጆች መንሸራተቻ ብቻ ነው። ሜዳ ለሜዳ የሚኬድ ስለሆነ እናቴም በእግሯ ልትከተለን ትችላለች፤ አካፋ ካልያዝኩ አልሄድም እንዳትል እንጂ። ከሜልበርኑ የፉትስክሬይ ሰፈር አካባቢ አብሮን መሄድ የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ከአሁኑ ይንገረን። በበረዶው ወቅት ወደ ተራራው የሚወጣ መኪና የጎማ ሰንሰለት መያዝ ስላለበት፣ ሰንሰለቱን ከመንገድ ላይ ሱቅ ለመከራየት ቀድሞ የጎማውን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል።